የአሮጌ የጭነት መኪና ጎማ ቦይ በእጅ ማውጣት፦ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት የተያዘ ማስታወሻ

ሚያዝያ፣ መጀመሪያ

መኪናው አሮጌ ባለ አራት በአራት መርሰዲስ 1113 ነው። ከሞረትና ጅሩ ማሳዎች ጤፍና ስንዴ አውጥቶ ደብረ ብርሃን ያደርሳል፤ በሰኔና በሐምሌ ደግሞ ማዳበሪያ ጭኖ ይመለሳል። ጎማው 10.00አር20 ነው፤ ካላማዳሪ ያለው የሽቦ ጎማ፣ ፊት ሁለት፣ ኋላ ድርብ አራት። የፊቶቹ ገና ደህና ናቸው። የኋላዎቹ ግን አልቀዋል።

በካሊፐር የለካሁት የቦይ ጥልቀት ይህ ነው፦ ግራ ውጭ 3.5 ሚሊ ሜትር፣ ግራ ውስጥ 4፣ ቀኝ ውጭ 3፣ ቀኝ ውስጥ 4። አዲስ ሳሉ 15 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነበሩ። በአስፋልትና በደረቅ ጠጠር ላይ አሁንም ሥራ ይሠራሉ። ችግሩ ዋልካው ነው። የጅሩ ጥቁር አፈር በበጋ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ዝናብ ሲያገኝ ያብጥና ስንጥቁን ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ውኃው ወደ ታች አይሰርግም፣ ከላይ ይተኛል። ገበሬው መሬቱን መደብና ቦይ እያደረገ የሚያዘጋጀው ይህን ውኃ ለማጠንፈፍ ነው። የጎማ ቦይም ሥራው ያው ነው፤ ከጥርሱ ስር ያለው ጭቃና ውኃ መሄጃ ካላገኘ ጥርሱ መሬቱን አይነካም።

ደብረ ብርሃን የጠየቅኋቸው ሱቆች ለአንድ አዲስ ጎማ ከ36 ሺህ እስከ 42 ሺህ ብር ጠሩ። ለአራት ጎማ የሚሆን ገንዘብ ከመኸር በፊት አይገኝም። ስለዚህ ክረምቱን የሚያሻግር ቦይ በራሴ ላወጣላቸው አስቤያለሁ።

ለዚህ ያበቃኝ ጎናቸው ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። በአራቱም ላይ በላቲን ፊደል «ሪግሩቨብል» (ቦይ ዳግም ሊወጣለት የሚችል) የሚል ቃል ተቀርጿል፤ ከቃሉ አጠገብ የዩ ፊደል የመሰለ፣ እግሮቹ ወደ ውጭ የወጡ ምልክት አለ። ይህ ምልክት ያለበት ጎማ ሲሠራ ከቦዩ ስር፣ ከሽቦው በላይ፣ ሁለተኛ ቦይ የሚወጣበት ተጨማሪ ላስቲክ ተቀምጦለታል። ምልክት የሌለው ጎማ ይህ ላስቲክ የለውም። የቤት መኪና ጎማ ደግሞ ጭራሽ አይነካም። መንገድ ዳር በጋለ ካውያ የሚቦረቦሩ የሚኒባስ ጎማዎች አያለሁ፤ እነዚህ ሰው የሚጭኑ ናቸው፤ ባየኋቸው ቁጥር እሰጋለሁ።

የፊት ጎማዎቹን አልነካም። የአሜሪካ የጭነት መኪና ደንብ የመሸከም አቅሙ 2,232 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ቦይ ዳግም የወጣለት ጎማ በጭነት መኪና ፊት እንዳይገባ ይከለክላል፤ ለአውቶቡስ ፊት ደግሞ ምንም ዓይነቱ አይፈቀድም። የእኔ ጎማ በነጠላ 3,000 ኪሎ ግራም የሚሸከም ነው። ደንቡ የሌላ አገር ቢሆንም ምክንያቱ እዚህም አይለወጥም፦ ከኋላ ድርብ ጎማዎች አንዱ ቢፈነዳ ጓደኛው ይሸከማል፣ ከፊት ቢፈነዳ መሪው ከእጅ ይወጣል።

ሚያዝያ፣ ሦስተኛው ሳምንት

ጎሚስታው ግቢ ውስጥ ጎኑ የተቀደደ አሮጌ እስኮርታችን ተጥሎ ነበር። ከኋላዎቹ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ፋብሪካውም፣ የጥርሱ ቅርጽም፣ ልኩም። ምንም ነገር ከመጀመሬ በፊት ይህን ጎማ ቆርጬ ውስጡን ማየት ፈለግሁ። ላስቲኩን በቢላዋ፣ ሽቦውን በግራይንደር እየቆረጥን መዳፍ የሚያህል ስፋት ያለው ቁራጭ ከዳር እስከ ዳር አወጣን። ግራይንደሩ ላስቲኩን ሲነካ ያቃጥላል፤ ጭሱ ጉሮሮ ይይዛልና ውጭ ሜዳ ላይ፣ ነፋሱን ከጀርባ አድርጎ መሥራት ያስፈልጋል።

ቁራጩን አጥቤ በሞርሳ አስሬ በጥሩ የአሸዋ ወረቀት ጠረግሁት። ከላይ ጥርሱ፣ ከስሩ ድፍን ላስቲክ፣ ከዚያ አራት የሽቦ ንብርብር አንዱ በአንዱ ላይ፣ ከዚያ ከጎን ወደ ጎን የሚሄደው የአካሉ ሽቦ። ከቦዩ ወለል እስከ ላይኛው ሽቦ ያለው ውፍረት በመካከለኞቹ ሁለት ቦዮች 6.5 ሚሊ ሜትር፣ በዳሮቹ ሁለት ቦዮች 5.5 ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ሥራው በሙሉ በእርሱ ላይ ነው የቆመው። አራቱም ቦይ በአንድ ጥልቀት ቢቆረጥ ዳሮቹ ሳይታሰብ ይሳሳሉ፤ የሽቦው ንብርብር የሚያልቀውም ወደ ትከሻው፣ ጥርሱ ከጎማው ጎን ጋር ወደሚገናኝበት አካባቢ ስለሆነ ጎማ መላቀቅ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ነው።

ሌላ የአሜሪካ ደንብ ከተቆረጠ በኋላ ከቦዩ ስር ቢያንስ የኢንች 3/32ኛ፣ ማለት 2.4 ሚሊ ሜትር ያህል ላስቲክ እንዲቀር ይጠይቃል። የአውሮፓ ጎማ ሠሪዎች 2 ሚሊ ሜትር ይላሉ። እኔ መሣሪያው በእጅ የተሠራ፣ እጁም ለዚህ ሥራ አዲስ ስለሆነ ሰፋ ያለ ትርፍ ይዣለሁ፦ መካከል 3 ሚሊ ሜትር ይቆረጣል 3.5 ይቀራል፤ ዳር 2.5 ይቆረጣል 3 ይቀራል።

ቁራጩ ግን የሚናገረው ስለ ራሱ ጎማ ብቻ ነው። መኪናው ላይ ባሉት አራቱ ላይ ደግሞ ጠጠር የበሳቸውን ጉድጓዶች ፈልጌ በቀጭን ወስፌ ለካሁ። ድፍን ላስቲክ መውጋት አያስፈልግም፤ ድሮ የተበሳ ቦታ አይጠፋም። ሦስቱ ከቁራጩ ጋር የሚስማማ ልክ ሰጡ። ቀኝ ውጭ ያለው ላይ ወስፌው 4 ሚሊ ሜትር ገብቶ ሽቦ መታ፤ ሲወጣ ጫፉ ቡናማ ሆኖ ወጣ። ለጎሚስታው አሳየሁት።

«ውኃ የጠጣ ሽቦ አይመለስም፣ ልጄ። ጥርሱን ተወውና ጎማውን አውርደው።»

«በዝግታ ብነዳውስ፣ ጋሼ?»

«በዝግታ ይፈነዳል።»

ያ ጎማ ከዕቅዱ ወጣ።

ግንቦት፣ መጀመሪያ፦ መሣሪያው

ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራ መሣሪያ በዓለም ገበያ አለ፤ ምላጩን በኤሌክትሪክ የሚያግል፣ በእጅ የሚያዝ ነው። እዚህ ስላላገኘሁት አሠራሩን ብቻ ወስጄ ሠራሁት። መሠረቱ ቀላል ነው፦ ዝቅተኛ ቮልት፣ ከፍተኛ አምፔር፣ አጭርና ቀጭን ምላጭ።

ትራንስፎርመሩ ከተበላሸ ስታቢላይዘር የወጣ ነው፤ 500 ዋት። ሞተር የሚጠቀልል ባለሙያ ነባሩን መጠምጠሚያ ሳይነካ ከላዩ ጥሩ መለያ አልብሶ በወፍራም የብየዳ ገመድ ሦስት ዙር ጠመጠመበት። የሚወጣው ከ1 እስከ 1.5 ቮልት ነው፤ ምላጩ ሲገናኝ 200 አምፔር አካባቢ ይስባል። የስታቢላይዘር ጥሩነቱ ነባሩ መጠምጠሚያ ብዙ መውጫ ስላለው መስመሩን ከአንዱ ወደ ሌላው በማዛወር ሙቀቱን ከፍና ዝቅ ማድረግ መቻሉ ነው። ለዚህ የተለየ መቆጣጠሪያ መግዛት አላስፈለገም። ፊውዝ ገብቷል፣ የብረቱ አካል ከመሬት ጋር ተያይዟል። ምላጩ ላይ ያለው ቮልት ሰው አይጎዳም፤ ከግድግዳው የሚመጣው 220 ግን ይገድላልና ከላይኛው ጥምጥም ጋር በምንም መንገድ እንዳይገናኝ በመለኪያ አረጋግጠናል። ሁሉም ተደምሮ ትራንስፎርመሩና ገመዱ 3,700 ብር ፈጀ።

የብየዳ ገመዱ ከአንድ ሜትር ተኩል እንዳይበልጥ ማድረግ ግድ ነው። በመጀመሪያ የተሞከረው ረዥም ገመድ ራሱ እየሞቀ ምላጩን ቀዝቃዛ አደረገው፤ በእንዲህ ያለ አነስተኛ ቮልት እያንዳንዱ ክንድ ገመድ ይቆጠራል።

መያዣው የወይራ እንጨት ነው። ሁለት የመዳብ ቁራጮች ምላጩን ከግራና ከቀኝ ጨብጠው በብሎን ይጠብቃሉ፤ እንጨቱ እርስ በርስ እንዳይነካኩ ይለያቸዋል። ከፊት ጎማው ላይ የሚንሸራተት የአሉሚኒየም ጫማ አለው፤ ምላጩ ከጫማው በታች ምን ያህል እንደሚወጣ በብሎን ይስተካከላል። እንጨትና ብሎን 350 ብር፤ መዳቡ ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ሳጥን የወጣ ነው።

ጊዜ የወሰደው ምላጩ ነው። የዕቃ ማሰሪያ ቆርቆሮ ቶሎ ይታጠፋል፣ ሲግል ግን ይለሰልስና ላስቲኩ ወደ ጎን ይገፋዋል። ከዚያ ወደ ሲጌቶ መጋዝ ዞርኩ። ውዱ፣ «ሃይ ስፒድ» የሚባለው፣ ሲታጠፍ ይሰበራል፤ በእሳትም እሺ አይልም። ርካሹ የካርቦን ብረት ግን ረመጥ ውስጥ ገብቶ ቀልቶ በአመድ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ እንደ ልብ ይታጠፋል። ጥርሱን በሞረድ አጥፍቼ፣ በ7 ሚሊ ሜትር ብረት ላይ አጥፌ የዩ ቅርጽ አወጣሁለት፤ ከዚያ የፊት ጠርዙን ከውጭ በኩል ብቻ ሳልኩት። ከውስጥም ከተሳለ ቁርጥራጩ ላስቲክ በመካከሉ እየተጣበቀ ይዘጋዋል።

ለንጽጽር ሲባል ማዕዘኑ ቀጥ ያለ፣ ባለ አራት ማዕዘን ምላጭም ሠርቻለሁ።

ግንቦት፣ አጋማሽ፦ ልምምድ

የተቆረጠው እስኮርታ የቀረው አካሉ ለልምምድ ዋለ። የተማርኩትን ለሌላ ሠሪ በሚጠቅም መልኩ ልጻፈው።

ምላጩ በአየር ላይ ሲቀላ ካየኸው በጣም ግሏል። ላስቲኩን ያቀልጠዋል፤ የቦዩ ግድግዳ ሬንጅ ይመስላል፣ በኋላም ይሰነጠቃል። ቀዝቃዛ ሲሆን ደግሞ ይጎትታል፣ ግድግዳው ሻካራና የተቀደደ ይሆናል፤ ሰው ኃይል ሲጨምር ምላጩ በድንገት ይዘልላል። ትክክለኛው ሙቀት ላይ ምላጩ በአየር ላይ አይቀላም፣ ላስቲኩ ውስጥ ሲገባ ቀጭን ጭስ ብቻ ያወጣል፣ ቁርጥራጩም ሳይበጠስ እንደ ጥምዝ ሪባን ተጠቅልሎ ይወጣል፤ ግድግዳው ያብረቀርቃል።

የጎማው የራሱ ሙቀትም ለውጥ ያመጣል። እዚህ ከፍታው 2,600 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ጠዋት ጎማው በብርዱ ይጠነክራል። ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ላይ ከቆየ በኋላ፣ በዚያው መውጫ ሥራው በጣም ይቀላል። የመስመሩ ኃይል ወደ ማታ ይወርዳል፤ ስለዚህ ከምሽት በፊት ማቆም ይሻላል፤ አለበለዚያ በየጊዜው መውጫ መቀየር ነው።

የዚህ ጎማ ቦይ ቀጥ ያለ አይደለም፣ እየታጠፈ የሚሄድ ነው። በየመታጠፊያው የጫማው ኋላ ክፍል መንገዱን ሳይጨርስ ፊቱ ስለሚዞር ምላጩ ግድግዳውን ይበላ ነበር። ጫማውን በግማሽ አሳጠርኩት፤ አሁን ይዞራል። በመታጠፊያው ላይ መቆም ግን አያስፈልግም፤ የቆመ ምላጭ በቆመበት እያቃጠለ ወደ ታች ይሰምጣል።

ግንቦት መጨረሻ፦ ግራ ውስጥ፣ ግራ ውጭ፣ ቀኝ ውስጥ

ከመቁረጥ በፊት ማውረዱ ይነገር፤ ሰው የሚሞተው እዚህ ላይ ነውና። ቸርኬው ጎማውን በቦታው የሚይዝ የብረት ቀለበት ያለው ነው። ዳዶው ከመላላቱ በፊት የሁለቱም ድርብ ጎማዎች አየር ከነቫልቩ ሙሉ በሙሉ ይወጣል። ቀለበቱ በአየር ግፊት ተወጥሮ ሳለ ከፈነጠረ የሚያቆመው የለም። ሲነፋም በብረት ፍርግርግ ውስጥ፣ ወይም ቢያንስ በሰንሰለት ታስሮ፣ ሰው ከፊቱ ሳይቆም ነው። ረዳቴ ወጣት ነውና ይህን በየጎማው ደጋግሜ አስታውሰዋለሁ።

እያንዳንዱን ጎማ አጥበን፣ ጠጠሩን ሁሉ በካቻቢቴ ለቅመን፣ ነፍተን፣ በተገለበጠ የጋሪ አክስል ላይ እንዲሽከረከር አድርገን አቆምነው። በየቦዩ ዙሪያውን ለክቼ ቁጥሩን በጠመኔ ጥርሱ ላይ ጻፍኩ። የምላጩን ልክ የሚወስነው ዝቅተኛው ቁጥር ነው። ጫማው የሚንሸራተተው በጥርሱ ጫፍ ላይ እንጂ በቦዩ ወለል ላይ አይደለም። ዝቅተኛው ቦታ 3.5 ከሆነና 3 ለመጨመር ከታሰበ ምላጩ ከጫማው በታች 6.5 ይወጣል። ጥርሱ 4.5 በሆነበት ቦታ 2 ብቻ ይቆርጣል፤ ይህ ጉዳት የለውም። ልኩ በ4.5 ቢወሰን ኖሮ 3.5 በሆነው ቦታ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ወደ ታች ይሄድ ነበር፤ ጎማ የሚበላሸው እንዲህ ነው። ዳር ላይ ደግሞ ሌላ ልክ፣ 6። በቦይና በቦይ መካከል ብሎኑን ማስተካከል መረሳት የለበትም፤ ለዚህ ሲባል መጀመሪያ የሦስቱንም ጎማ መካከለኛ ቦዮች ጨርሰን ከዚያ ብቻ ልኩን ለዳሮቹ ቀየርን።

አንድ ጎማ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ከአንዱ የወጣው ቁርጥራጭ ሲመዘን 350 ግራም ገደማ ነው። ይህ ሁሉ ላስቲክ በመባከኑ ያዘንኩበት ጊዜ ነበር፣ ግን ባይወጣ ኖሮ ጎማው ለስልሶ እንደተኛ ይጣል ነበር።

ግራ ውስጥ ባለው ጎማ ላይ አንድ ክንድ የሚሆን ቦታ በባለ ማዕዘኑ ምላጭ ተቆርጧል፤ ጥልቀቱን ከሌላው አሳንሼዋለሁ፤ ጎኑ ላይ በነጭ ቀለም ምልክት አለ። በክረምቱ መጨረሻ ከክቡ ጋር ይወዳደራል።

ሰኔ፣ መጀመሪያ፦ አራተኛው ጎማና ትከሻው

ለቀኝ ውጭ ያገለገለ ጎማ በ11 ሺህ ብር ተገዛ። ልኩ ያው፣ ምልክቱ አለው፣ ቦዩ ገና 7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አይቆረጥም። ጓደኛው፣ ቀኝ ውስጥ ያለው፣ 4 ነበር። ቦይ ማውጣት የጎማውን ቁመት ስለማይለውጥ የሁለቱ ዲያሜትር ልዩነት 6 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ የጎማ መጠን ለድርብ እስከ 13 ሚሊ ሜትር ይፈቀዳል። ከዚያ ካለፈ ትልቁ ጎማ ብቻውን ይሸከማል፣ ትንሹ ደግሞ እየተጎተተ ይላጫል። ትልቁ በውጭ መሆኑም ጥሩ ነው፤ መንገድ መካከሉ ከፍ ስለሚል የውስጠኛው ጎማ አስቀድሞ ብዙ ይጫነዋል።

አሁን ለዋልካው የታሰበው ሥራ። ዙሪያውን የሚሄዱት ቦዮች ውኃ ያሳልፋሉ፤ የሚያጣብቅ ጭቃ ግን ወደ ጎን መውጫ ይፈልጋል። በትከሻው ላይ ያሉት የጎን ቁርጦች ከመላጨቱ የተነሳ ጠፍተው ነበር። እነርሱን መልሼ ከፈትኩ፤ በየ 9 ሴንቲ ሜትሩ አንድ፣ ስፋታቸው 10 ሚሊ ሜትር፣ ወደ ውጭ እየሰፉ የሚሄዱ። ጥልቀታቸው ግን ከቀረው ጥርስ ፈጽሞ አያልፍም። እዚህ ላይ አንድም ሚሊ ሜትር ወደ ስር አልወረድኩም፤ የሽቦው ጫፍ እዚያው ስለሆነ።

መካከለኛ ጥርሶችን እየሸነሸኑ ማብዛት ይቻል ነበር። አልነካኋቸውም። የቀጠነ ጥርስ በጠጠር ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ይሞቃል፣ ከስሩ ይቦጨቃል፤ ከእነዋሪ እስከ ደነባ ያለው ጠጠር ደግሞ ለስላሳ አይደለም።

ለጎሚስታው በየጎማው 300 ብር፣ ሁለት አዲስ ካላማዳሪ ከነፍላፑ (ካላማዳሪውን ከቸርኬው የሚለየው ላስቲክ) 4,200 ብር።

ሐምሌ፦ ዋልካ

ማዳበሪያ እየጫንን ወደ ማሳው ዳር መግባት ከጀመርን ቆይተናል። ውጤቱ እንዳሰብኩት አልሆነም፤ ይልቅ ጠቃሚ ሆኖ አገኘሁት።

የመካከለኞቹ ቦዮች በዋልካ ላይ ጎማው ጥቂት እንደተሽከረከረ ይሞላሉ። ሦስት ሚሊ ሜትር ተጨምሮም፣ ስድስት ሚሊ ሜትር ተኩል ሆነውም፣ ይሞላሉ። ጭቃው ራሱ ጎማው ላይ ሌላ ለስላሳ ጎማ ሆኖ ይጠቀለላል። የትከሻው ቁርጦች ግን ይጸዳሉ፤ ጎማው ከጭቃው ሲወጣ ወደ ጎን ይተፉታል። መኪናውን የሚያወጣው ያ ነው። ከጉድጓድ ሲወጣ የጎማው ፈለግ ላይ የማየው የትከሻውን ንክሻ ብቻ ነው፣ መካከሉ ድፍን ነው።

የቦዩ ጥልቀት ዋጋውን ያሳየው ሌላ ቦታ ነው። እርጥብ ቀጭን ጭቃ የለበሰ ጠጠር ላይ፣ በተለይ ቁልቁለት ላይ፣ ኋላው አይሸራተትም። ባለፈው ክረምት በዚያው ቁልቁለት ፍሬን ሲያዝ ኋላው ወደ መንገዱ ዳር ቦይ ይሄድ ነበር። አስፋልት ላይም ዝናብ ሲጥል ልዩነቱ መሪው ላይ ይታወቃል።

በዋልካ ላይ ከቦዩ ይልቅ የረዳን አየር መቀነስ ነው። ከ100 ፒኤስአይ ወደ 60 ስናወርደው ፈለጉ ይረዝማል፣ ጎማው ከመቆፈር ይልቅ ይተኛል። ከዚያ በታች አልሄድንም፤ ድርብ ጎማዎች ሲተኙ ጎናቸው ይነካካል፣ በመካከላቸው ያለው ጭቃና ጠጠር ደግሞ ጎናቸውን ይፈጫል። በ60 የምንሄደው በእግረኛ ፍጥነት፣ ከማሳው እስከ ጠጠሩ መንገድ ብቻ ነው። ጠጠሩ ላይ ስንደርስ ቆመን ከመኪናው ኮምፕረሰር መልሰን እንነፋለን። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ ጭነቱን የሚጠብቀው ገበሬም ሆነ ረዳቴ ይሰለቻሉ። አልተውኩትም።

በድርቦቹ መካከል የሚጠቀለለው ጭቃ ራሱን የቻለ ጉዳይ ሆነ። ከአሮጌ ባሌስትራ ቁራጭ መጥረጊያ ሠርተን ከሻሲው ላይ በብሎን አሰርነው፤ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ይወርዳል፣ ከየጎናቸው ሁለት ጣት ያህል ይርቃል። የሚገባውን ጭቃ ከመጠንከሩ በፊት ይቆርጠዋል። ብየዳውን ጨምሮ 600 ብር፤ ከዚህ ሁሉ ሥራ በዋጋው ልክ ብዙ የጠቀመው ይህ ነው እላለሁ።

ነሐሴ

ሰንሰለት ተሞከረ። ይይዛል፤ ግን አዲስ የከፈትኳቸውን የትከሻ ጥርሶች ማዕዘናቸውን እየቦጨቀ ስለሆነ ወረደ። ለተቀበረ መኪና ማውጫ ብቻ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል።

መስከረም፣ መጨረሻ

ዝናቡ ቀነሰ፤ ጎማዎቹ ወርደው ታጠቡ። የመካከለኛ ቦዮች ጥልቀት፦ ግራ ውጭ 5፣ ግራ ውስጥ 5.5፣ ቀኝ ውስጥ 5.5። ዳሮቹ ከእነዚህ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ያንሳሉ።

በነጭ ቀለም ምልክት ያደረግሁበት ቦታ ተናገረ። ቀጥ ባለው ማዕዘን በተቆረጠው ቦይ ስር፣ በሁለቱም ማዕዘን፣ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ወጥቷል። በክብ ምላጭ የተቆረጠው ሌላው ዙሪያ ሁሉ ንጹሕ ነው። ጥልቀቱ ያነሰ ሆኖ ሳለ መሰንጠቁ ጥርጣሬ አይተውም፤ ጎማው በተጣጠፈ ቁጥር ጫናው ማዕዘን ላይ ይሰበሰባል፣ በክብ ወለል ላይ ግን ይከፋፈላል። ባለ ማዕዘኑን ምላጭ አስወግጃለሁ።

ሌላው ግኝት ጠጠር ነው። የጠለቀና የጠበበ ቦይ ጠጠር ይጨብጣል፣ ጎማው በዞረ ቁጥርም ወደ ሽቦው ይነዳዋል። በየሳምንቱ በካቻቢቴ ስንለቅም ብንቆይም ግራ ውጭ ላይ ሁለት ቦታ ጠልቆ ገብቷል። በአንደኛው ወስፌው ሽቦ ላይ ደርሷል፤ ጫፉ ግን ገና ንጹሕ ነው።

ጥቅምት፣ መጀመሪያ

አዲስ አበባ ጎማ የሚያድሱ ዘንድ ሦስቱንም ወሰድኳቸው። ቦይ የወጣለት ጎማ ሽቦው ካልተነካ ዳግም ጥርስ ሊለብስ ይችላል፤ እንዲያውም ለዚህ ዓይነቱ ጎማ የታሰበው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ አዲስ፣ ቦይ ማውጣት፣ ማልበስ፣ እንደገና ቦይ ማውጣት። ባለሙያው ውስጡን በመብራት ዞሮ አየ፣ ዙሪያውን በመዶሻ እያንኳኳ ድምፁን ሰማ፣ ከዚያ የእኔን ቦዮች በራሱ መለኪያ ለካ። ሁለቱን ተቀበለ። ግራ ውጭ የነበረውን መለሰው፤ ከጠጠሩ ቀዳዳ አጠገብ ሲያንኳኳ ድምፁ ድፍን ሆነበት፣ ንብርብሩ መላቀቅ ጀምሯል ማለት ነው። በእኔ ጆሮ ልዩነቱ እንዲሰማ ደጋግሞ አንኳኳልኝ። አሁን ይሰማኛል፤ ከእንግዲህ ከወስፌው በፊት መዶሻው ይቀድማል።

እስካሁን የወጣው ወጪ፦ መሣሪያው 4,050 ብር፣ ጎሚስታ 1,200፣ ካላማዳሪ 4,200፣ ያገለገለው ጎማ 11,000፣ መጥረጊያው 600፤ በድምሩ 21,050 ብር። ከአንድ አዲስ ጎማ በብዙ ያንሳል። ማልበሱ ለአንዱ 13 ሺህ ብር ተጠይቆ ቀብድ ከፍያለሁ።

የተመለሰው ጎማ ወደ ጎሚስታው ግቢ ሄዷል። እርሱንም ከዳር እስከ ዳር ቆርጬ፣ ጠጠሩ የገባበትን ቦታና የእኔን ቦይ ከስር ጎን ለጎን ለመለካት አቅጃለሁ። ለሚቀጥለው ክረምት የዳሮቹን ልክ 2.5 ላይ መተው ወይም ወደ 2 ማውረድ የሚወስነው ያ ቁራጭ ነው። ምላጩንም በ8 ሚሊ ሜትር ብረት ላይ አጥፌ ሰፋ ላደርገው ነው፤ ሰፊ ቦይ ጠጠር አይጨብጥም። ለዚህ የሚሆን የካርቦን ብረት መጋዝ ገዝቻለሁ፤ አንዱ 45 ብር ነው።